ዓርብ እስከ 11፡30

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ልተርክላችሁ።

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ የደሴን መንገድ ስትይዙ፣ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ በጉም ውስጥ ሾልካችሁ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ስትወርዱ የምትቀበላችሁ ከተማ ደብረ ሲና ናት። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም በመስኮቱ ሥር የሚሮጡትን ቆሎ ሻጮች የማያውቅ የሰሜን መንገደኛ የለም። ገብሱ ከሽምብራው፣ ሱፉ ከኦቾሎኒው ተቀይጦ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ ወደ መስኮቱ ይዘረጋል። ብሩ ይወርዳል፣ መልሱ ይወጣል፣ መኪናው ይነሣል። በዚህ ንግድ ስንት ቤት ቆሟል፤ በዚህ ንግድ ስንት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

የምተርክላችሁም ስለ አንዲት የቆሎ ሻጭ ልጅ ነው። ስሟን አልጠራም። በየወረዳው ስንትና ስንት ወጣት ያለፈበትን ነገር በእሷና በሁለት ጓደኞቿ ላይ ሰብስቤ ነው የማወራው፤ መሥሪያ ቤቱም ስም የለውም። ሕጉና ፈተናው ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው።

ጊዜው ሐምሌ ነው፤ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ካሉት ክረምቶች አንዱ። ሐምሌ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት አዲስ ዓመት ነው። በጀት ይጸድቃል፣ ክፍት መደብ ይቆጠራል፣ የተፈቀደው መደብ በማስታወቂያ ይወጣል። ሐምሌ ደግሞ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ይገናኛሉ፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። ማስታወቂያው ቀድሞ ይወጣል፣ የተማሪው ወረቀት ዘግይቶ ይመጣል።

ልጅቷ ማስታወቂያውን ያገኘችው ሰሌዳ ላይ ነው። ዝናብ እንዳያበሰብሰው በላስቲክ ተሸፍኗል፤ አንዱ ማዕዘኑ ተነቅሎ በነፋስ ይርገበገባል። ሰሌዳው ፊት ሰው ተሰብስቧል፤ ገሚሱ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ገሚሱ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። እሷ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የሥራ መደቡ መጠሪያ፡ የሒሳብ ሠራተኛ። ብዛት፡ 2። ተፈላጊ ችሎታ፡ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፡ 0 ዓመት። እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ። ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት የሚሉ ማስታወቂያዎችን እያየች ስታልፍ ለከረመች ልጅ ዜሮ ማለት «ነይ» ማለት ነው።

ከታች እንዲህ ይላል፦ ምዝገባ፣ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት፤ አመልካቾች የትምህርት ማስረጃቸውን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዘው በአካል እንዲቀርቡ። ከዚያ በታች አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጨምሮበታል፦ «እስከ ዓርብ 11፡30»።

ይህን ማስታወቂያ ልብ በሉልኝ። ደረጃው አለ፣ ደመወዙ አለ፣ የቢሮ ቁጥሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ። ዲግሪው እስከ መቼ የተገኘ መሆን እንዳለበት ግን አይናገርም። እስከ ምዝገባው መጨረሻ ነው? እስከ ጽሑፍ ፈተናው ቀን ነው? ወይስ የቅጥሩ ደብዳቤ እስኪጻፍ? ዝም ብሏል። የዛሬው ትረካ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ዝምታ ነው።

ልጅቷ የአራት ዓመቱን ትምህርት ጨርሳለች። የመውጫ ፈተናውንም ተፈትናለች። ውጤቱ ግን ገና አልተለቀቀም።

ለማያውቅ ልንገር። ከ2015 ዓ.ም. በፊት የመውጫ ፈተና እንደ ሕግ ባሉ ጥቂት የትምህርት ዘርፎች ብቻ የነበረ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ክረምት ግን በመንግሥትም በግልም ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ እንዲፈተን ተደረገ። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 40.65 በመቶው ብቻ ነበሩ። አስቡት እንግዲህ፤ ኮርሱን ሁሉ አጠናቆ፣ ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ ዳቦ ደፍቶ ከተቀበለው ልጅ ከግማሽ የሚበልጠው ዲግሪ አልነበረውም። ያላለፈ በሌላ ዙር ይፈተናል፤ እስኪያልፍ ግን ተመራቂ አይባልም። ስለዚህ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ሁለት ዕጣ ከፊቱ አለ። የትኛው እንደሚወጣለት እሱም፣ ቀጣሪውም፣ ያስተማረውም አያውቅም።

ልጅቷ ሁለት የዶርም ጓደኞች አሏት። አንደኛዋ ከአርማንያ ናት፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ። ሁለተኛዋ ከመዘዞ ናት፣ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚገነጠለው በኩል። የማስታወቂያውን ፎቶ በቴሌግራም ላከችላቸው።

የአርማንያዋ ልክ እንደ እሷ ውጤት ጠባቂ ናት። አነበበችና እንዲህ ብላ መለሰች፦ «የትምህርት ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ ይላልኮ። እኔ ምን ይዤ ልቅረብ? የመኪና ብር ከማወጣ የሚቀጥለውን ብጠብቅ ይሻለኛል።» ቀረች።

የመዘዞዋ ሌላ ናት። እሷ ፈተናውን ያለፈችው በቀደመው ዙር፣ ከወራት በፊት ነው። ዲግሪዋ በሴኔት ጸድቆላታል። ጊዜያዊ ማስረጃዋ፣ ተማሪው ቴምፖ የሚለው ወረቀት፣ ሬጅስትራሩ ቢሮ ውስጥ ፊርማ እየጠበቀ ነው። በእጇ ያለው ትምህርቷን አጠናቃ ፈተናውን ማለፏን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። እሷ መጣች።

ዓርብ ከሰዓት ደረሰ። የምዝገባው ጠረጴዛ በረንዳው ላይ ወጥቷል፣ ምክንያቱም ክፍሉ ሰው አልበቃውም። መዝጋቢው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፎቶ ኮፒውን ከዋናው ጋር ያመሳክራል፣ ጠርዙ ላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚለውን ማኅተም ይመታል፣ ወደ ክላሰሩ ያስገባል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ተቆልሏል። ጉሙ ከጣርማ በር እየወረደ ግቢውን ሸፍኖታል፤ ሰልፈኛው ፋይሉን በነጠላና በጃኬት ሥር ሸጉጦ ቆሟል።

የደብረ ሲናዋ ተራዋ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እኔ ፈተናውን ተፈትኛለሁ። ውጤቱ ሰሞኑን ይለቀቃል ተብሏል። ይመዝግቡኝና ሰኞ ላምጣልዎት።»

«ሰኞ ምን እንደምታመጪ አንቺም እኔም አናውቅማ፣ ልጄ።»

«አልፋለሁ፣ ጋሼ። ነጥቤ 3.4 ነው፤ ስቱደንት ኮፒው ይኸው።»

«እግዚአብሔር ያሳልፍሽ። ካለፍሽ ለሚቀጥለው ትደርሺያለሽ። ለዚህኛው ግን ዛሬ ዲግሪ የለሽም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቷን መልሶ ሲሰጣት እንዳይረጥብ በላስቲክ አድርጎላታል።

ቀጥላ የመዘዞዋ ቀረበች። ደብዳቤዋን ዘረጋች። መዝጋቢው ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አድርጎ አየው፣ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ቴምፖ ወይም ዋናው ካልሆነ አይቻልም ተብሏል።»

«ጋሼ፣ ደብዳቤው አልፋለች ይላልኮ። ዲግሪው አለኝ። ወረቀቱ ነው የዘገየው።»

«ገብቶኛል፣ የኔ ልጅ። እኔ ግን ወሳኙ አይደለሁም።»

ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። በመዝጋቢው ወረቀት ላይ ሁለቱም «ማስረጃ አላሟሉም» ተብለው በአንድ መስመር ተጻፉ። ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች እኩል ተሰረዙ።

ማታ እናቷ የቀረ ቆሎ እየለየች ጠየቀቻት።

«ተመዘገብሽ?»

«አልተቀበሉኝም፣ እማዬ።»

«ለምን? አልተማርሽም እንዴ?»

«ተምሬያለሁ። ውጤቱ ነው ያልደረሰ።»

እናት ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ «የምናውቀው ሰው ቢኖር ኖሮ...» አለች። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ መጨረስም አያስፈልጋትም። ይህችን ግማሽ ዐረፍተ ነገር በኢትዮጵያ ውስጥ የማያውቃት ቤት የለም።

ሰኞ ውጤቱ ተለቀቀ። የደብረ ሲናዋ አለፈች። የአርማንያዋም አለፈች። ደስታው ገና ሳይበርድ ለጽሑፍ ፈተና የተመረጡት ስም ዝርዝር ተለጠፈ፤ እዚያ ላይ ከእነሱ ጋር በአንድ ክፍል የተማረ፣ ከእነሱ ጋር ያንኑ ሰኞ ውጤቱን ያየ አንድ ልጅ ስሙ ተጽፎ ተገኘ። ዓርብ ዲግሪ ያልነበረው ልጅ እንዴት ዓርብ ተመዘገበ? ተጠየቀ። «ጎደሎውን ኋላ እንዲያሟላ ተደርጎ ነው» ተባለ። ማን አደረገው? መልስ የለም። ማስታወቂያውን አንሥታችሁ ብታነቡት ደግሞ ይህን አይከለክልም! ዝም ባለ ማስታወቂያ ላይ መዝጋቢው «አይቻልም» ማለትም ይችላል፣ ሌላው «ኋላ ያሟላ» ማለትም ይችላል፤ ሁለቱም «ተሳስታችኋል» አይባሉም።

ወገኖቼ፣ ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሌላ ተራራማ አገር ልውሰዳችሁ፤ ካሽሚር፣ ሕንድ። እ.ኤ.አ. በ1982 የጃሙና ካሽሚር መንግሥት ጁኒየር መሐንዲሶችን ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ጁላይ 15 ነበር። 33 ወጣቶች የምሕንድስና ፈተናቸውን ተፈትነው ውጤት ሳይደርሳቸው አመለከቱ። ውጤታቸው የወጣው ኦገስት 21 ነው። ቃለ መጠይቁ የተጀመረው ኦገስት 24 ነው። ሦስት ቀን ቀድመው ደረሱ ማለት ነው። ተጠየቁ፣ ተቀጠሩም። በቀኑ ዲግሪ የነበራቸው ሌሎች አመልካቾች ከሰሱ።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1992 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለሦስት ዳኞች አቀረበ፤ ሁለቱ «ከቃለ መጠይቁ በፊት እስከደረሱ ድረስ ምን ጥፋት አለ? የተሻለ ሰው ለመምረጥ በሩ ቢሰፋ ይበጃል» አሉ። አንደኛው ዳኛ ተለየ። በ1997 ያው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደገና መረመረና የሁለቱን ውሳኔ ሽሮ ከተለየው ዳኛ ጋር ቆመ። ምክንያቱን ስሙልኝ፤ ይህን የምተርከው ስለ ምክንያቱ ነውና። ማስታወቂያ ለመላው ሕዝብ የተሰጠ ቃል ነው፤ የሰጠውም አካል በቃሉ ይታሰራል። ማስታወቂያውን አንብበው «እኛ ገና ነን» ብለው ያላመለከቱ፣ ከ33ቱ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ የነበሩ ሌሎች አሉ። ቀኑ እንደሚላላ ቢያውቁ እነሱም ያመለክቱ ነበር። እነሱ ፍርድ ቤት አልመጡም፣ ስማቸው የትም የለም፤ ፍርድ ቤቱ ግን አስታወሳቸው። የተቀጠሩትን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ከሥራ አላፈናቀለም፤ በቀኑ ብቁ ከነበሩት በታች በአገልግሎት ቅደም ተከተል እንዲቀመጡ የተሰጠውን ትእዛዝ ግን አጸና።

አያችሁ? የአርማንያዋ ልጅ ማለት ከእነዚያ አንዷ ናት። በየትኛውም መዝገብ ስሟ የለም። አቤቱታ አላስገባችም፣ ምክንያቱም ምን ብላ? አላመለከተችም። ማስታወቂያውን አምና ቤቷ የቀረች ልጅ ናት። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ በጓዳ በኩል ሲላላ ቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት፤ ጉዳቷን ደግሞ ማንም አያይላትም።

አሁን ከካሽሚር እንመለስና ወደ ቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ ወደ አንኮበር እንውጣ፤ ከደብረ ሲና ሩቅ አይደለም፣ የወፍ ዋሻን ደን የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ዘመን፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉም፣ ሹመት የፈለገ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። በማለዳ ተነሥቶ ከግቢው በር ይቆማል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፣ ሲገባ እጅ ይነሣል። ስንቁን ከአገሩ ያስመጣል፣ ሲያልቅበት ይበደራል። ወር ይሆናል፣ ዓመት ይሆናል። መቼ እንደሚያበቃ አያውቅም፣ ምን ሲያሟላ እንደሚሾም አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ቀን ዓይን ውስጥ ከገባ ሊሆንለት እንደሚችል ነው። ስንቅ ያለውና አማላጅ ያለው ይዘልቃል። የድሃ ልጅ ስንቁ ያልቅና ይመለሳል።

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር መጣ፤ ደጅ ጥናቱ ግን በአንድ ቀን አልተወንም፣ ከግቢ በር ወደ ቢሮ በር ተዛወረ። በ1950ዎቹ የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርን በደንብ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፣ ለመደቦች ደረጃና ተፈላጊ ችሎታ መጻፍ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ቢለዋወጥም ይህ ሐሳብ አልተሻረም። በፌዴራሉም ሆነ በአማራ ክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሠረቱ አንድ ነው፦ ክፍት መደብ በማስታወቂያ ይወጣል፤ የሚቀጠረውም ለመደቡ የሚፈለገውን ችሎታ ያሟላና ከሌሎች አመልካቾች ብልጫ ያገኘ ነው። መጀመሪያ ማሟላት፣ ከዚያ መብለጥ።

እና ያ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ተራ ነገር አይደለም። ደጅ ጥናትን ያስቀረው እሱ ነው። የቆሎ ሻጭ ልጅ አማላጅ የላትም፤ ያላት ቀኑ ነው። እስከዚህ ቀን፣ ይህን ይዘሽ ነይ፣ ከመጣሽ ማንም አይመልስሽም፤ ያልያዘ ግን ማንም በሌላ በር አይገባም። ቀኑ በጓዳ ሲላላ የአንኮበር ደጅ ተመልሶ ተከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ፍርዴን ልስጥ። መዝጋቢው የደብረ ሲናዋን ልጅ መመለሱ ልክ ነበር። ያማል፣ ግን ልክ ነው። ዓርብ ዕለት ዲግሪ አልነበራትም። ውጤቷ የዘገየው በሦስት ቀን ቢሆንም ቀን ቀን ነው። የክፍል ጓደኛዋ «ኋላ ያሟላ» ተብሎ መግባቱ ግን ስሕተት ነው፤ እሷንም የአርማንያዋንም ይበድላል።

የመዘዞዋ ነገር ከሁለቱም ይለያል። እሷ ዓርብ ዕለት ዲግሪ ነበራት። ያልነበራት ወረቀቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ቢሮዎቻችን ሁሌ የሚሳሳቱት፤ ማሟላትንና ያሟሉበትን ወረቀት አንድ ያደርጉታል። ሕንዶቹም ይህን ለይተውታል። አባቷ በጦር ሠራዊት አገልግሎት የአካል ጉዳተኛ የሆነባት አንዲት የኦሪሳ ልጅ፣ ለወታደር ልጆች በተያዘ ቦታ ሕክምና ልትማር አመልክታ፣ የወታደሮች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሰጣት ምስክር ወረቀት ተሳስቶ በመጻፉ ተመለሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ብቃቱ በቀኑ መኖር አለበት፤ የማስረጃው አቀራረብ ግን እንደ ብቃቱ አይጠብቅም፤ ብቃቱ ያለው ሰው በወረቀቱ ጉድለት የግድ አይጣልም። ቦታው እንዲሰጣት ተወሰነ።

በእኛ አገር ወረቀት የሚዘገይበት ምክንያት ስንት ነው! ቴምፖ ፊርማ ይጠብቃል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት የተማረ ሁሉ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ኮስት ሼሪንጉን መጨረስ አለበት፤ ሥራ ያላገኘ ልጅ ደግሞ ከምን ይክፈል? ስለዚህ «ዋናውን» ብሎ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ቴምፖን የማይቀበል ከሆነ ሥራ ያለውን ብቻ ለሥራ ይጠራል። ከቴክኒክና ሙያ የመጣ ልጅ በብቃት ምዘናው፣ በሲኦሲ፣ ይያዛል፤ ምዘናውን አልፎ ሰርተፍኬቱ ያልደረሰው አለ፣ ምዘናውን ጭራሽ ያልወሰደ አለ፤ እነዚህን ሁለቱን መለየት የአንድ ስልክ ጥሪ ሥራ ነው። የሥራ ልምድም እንዲሁ ቀን አለው፤ የሚቆጠረው ከምረቃ በኋላ ያለው ስለሆነ በቴምፖ ላይ ያለች አንዲት ቀን ዓመት ልታጎድል ትችላለች።

ስለ መንገድም ሳልናገር አላልፍም። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ሲመጣ ሰው ልጁን አቅፎ ሲሸሽ ዲግሪውን ከሳጥን አላወጣም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋና መንገድ ሲቆራረጥ፣ «7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለው ሰባት ቀን ለአንዱ ሰባት ሆነ፣ ለሌላው ባዶ ሆነ። ከኤፍራታና ግድም ወይም ከመንዝ የሚመጣ ሰው ማስታወቂያውን ሲሰማ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶት ሊሆን ይችላል። ብቃትን በቀኑ ማጥበቅ ፍትሕ ነው። በአካል መቅረብን፣ ፎቶ ኮፒን፣ ማኅተምን እንደዚያው ማጥበቅ ግን ፍትሕ አይደለም። የራሱ ወረዳ ቢመዘግብለት፣ በስልክ ቢመዘገብና ማስረጃው ከጽሑፍ ፈተናው በፊት ቢታይ ማን ይጎዳል? ማንም።

ቢሮዎቹም የሚፈሩት አላቸው፤ አውቃለሁ። ሐሰተኛ ዲግሪ የዚህ አገር ቁስል ሆኗል፣ ዋናውን ካላየሁ ማለታቸው ከዚያ ይመነጫል። ግን ሐሰተኛ ወረቀት የሚይዘው ሰው ወረቀት ጎድሎት አያውቅም! ቴምፖውም፣ ዋናውም፣ ትራንስክሪፕቱም በጊዜው ተሟልቶለት ነው የሚመጣው። እሱን የሚያጋልጠው ለሰጪው ተቋም ጽፎ ማረጋገጥ ነው እንጂ የመዘዞዋን ልጅ ከበረንዳ መመለስ አይደለም።

የመዘዞዋ ቅሬታ አስገብታ ነበር። ደብዳቤዋን አያይዛ፣ ቀኑን ጽፋ። መልሱ የመጣላት የጽሑፍ ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ቴምፖዋ ደግሞ ከመልሱ ቀድሞ ደርሷል፤ በላዩ ላይ የተጻፈው የምረቃ ቀን ከዚያ ዓርብ ወራት ይቀድማል።

እንግዲህ ማስታወቂያ ለምትጽፉ የሰው ሀብት ባለሙያዎች ልመናዬ ይህ ነው። የጎደለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከደመወዙና ከቢሮ ቁጥሩ ሥር ቦታ አለው። «ተፈላጊ ችሎታው እስከ ምዝገባው የመጨረሻ ቀን የተሟላ መሆን አለበት፤ ማሟላቱን የሚገልጽ የተቋሙ ደብዳቤ ያለው ይመዘገባል፣ ጊዜያዊ ወይም ዋና ማስረጃውን እስከ ጽሑፍ ፈተናው ቀን ያቀርባል።» ይህን ጻፉ፣ ከጻፋችሁም በኋላ ለማንም አታላሉት። እናንተም ወረቀት ይዛችሁ በየበረንዳው የምትቆሙ ልጆች፣ ስትመለሱ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅሬታችሁን ፈተናው ከመድረሱ በፊት አስገቡ፤ የአርማንያዋ ዓይነት ጓደኛ ካላችሁም የመጨረሻው ቀን ሳያልፍ ደውላችሁ ንገሯት።